ዶቨር ላይ የተሟገቱት፦ ዝግመተ ለውጥና ኢንተለጀንት ዲዛይን

(ለወላጆችና ለወጣቶች በተዘጋጀ የምሽት ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ በአንዲት ትንሽ ከተማ ስለተነሳ ክርክር ነው። ከተማዋ ዶቨር ትባላለች። ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ዮርክ አጠገብ ናት። ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ሁለት ሰዓት ገደማ ብትነዱ ትደርሳላችሁ። በ2004 እና በ2005 እዚያ የሆነው ነገር ልጆቻችሁ ዛሬ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ የሚማሩትን በቀጥታ ይነካል። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤተ ክርስቲያንም እሄዳለሁ። ጉዳዩ ከሁለቱም በኩል ይመለከተኛል።

እኛ ዘንድ ሕይወትና ሰው እንዴት መጡ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ወዲያው ጎራ ይለያል። አንዱ "ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚሉትን እኔ አልሰማም" ይላል። ሌላው "አማኝ ሰው ሳይንስ አይገባውም" ብሎ ይዘጋዋል። ሳይደማመጡ ቡናው ይበርዳል። ዶቨርን የመረጥኩት እዚያ ሁለቱም ወገን ምሎ ስለመሰከረ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈተነ። "እንዴት አወቅህ?" ሲባል መልስ መስጠት ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። በኦክቶበር 2004 የዶቨር ትምህርት ቦርድ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ዝግመተ ለውጥን ከመማራቸው በፊት አጭር ጽሑፍ ይነበብላቸው አለ። ጽሑፉ የዳርዊን ሐሳብ፣ ማለትም ዝግመተ ለውጥ፣ ቲዎሪ ስለሆነ እውነታ አይደለም ይላል። ማስረጃ የሌላቸው ክፍተቶች እንዳሉበትም ይናገራል። ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባል፣ ሕይወትን የሚያስብ አካል ነድፎታል የሚል ሌላ ማብራሪያ አለ፣ ማወቅ የሚፈልግ "ኦቭ ፓንዳስ ኤንድ ፒፕል" የሚባለውን መጽሐፍ ማየት ይችላል ይላል።

አስተማሪዎቹ እምቢ አሉ። ይህ ሳይንስ አይደለም፣ ሳይንስ ነው ብለን ልጆች ፊት አናነብም አሉ። ስለዚህ በጃንዋሪ 2005 አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ክፍል ገብተው አነበቡ። አንብበው ወጡ። ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው እንኳን አስተማሪው እንዲመልስ አልተፈቀደም።

እንደ አስተማሪ ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ይህ ነው። ስለ ሕይወት አመጣጥ ትልቅ ነገር ትናገራለህ፣ ከዚያ "ጥያቄ የለም" ብለህ ትወጣለህ። የ14 ዓመት ልጅ ፊት እንዲህ አይደረግም። ሐሳቡ ጠንካራ ከሆነ ጥያቄን ለምን ይፈራል?

11 ወላጆች ቦርዱን ከሰሱ። ክሱ ኪትዝሚለር በተባለችው እናት ስም ይታወቃል። ችሎቱ ሃሪስበርግ ከተማ በሴፕቴምበር 26 ቀን 2005 ተከፈተ። ኖቬምበር 4 ላይ ምስክር መስማት አበቃ። ጁሪ አልነበረም። የሰሙት ዳኛ ጆን ጆንስ ናቸው። ሪፐብሊካን ናቸው፣ የሾሟቸውም ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ "የሃይማኖት ጠላት ዳኛ ነው የፈረደው" የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ስለምሰማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኢንተለጀንት ዲዛይንን ሐሳብ እነሱ በሚያቀርቡበት መልኩ ላቅርበው።

ዋናው ምስክራቸው ፕሮፌሰር ማይክል ቢሂ ነበሩ። ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ባዮኬሚስት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦ በሴል ውስጥ ብዙ ክፍሎች ተጋግዘው ብቻ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። አንዱን ብትነቅል ሥራው በሙሉ ይቆማል። ዝግመተ ለውጥ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ ደረጃ ጥቅም ሊኖረው ይገባል። ግማሹ የማይሠራ ከሆነ ግማሹ እንዴት ተጠብቆ ኖረ? ስለዚህ ያሰበበት አካል አለ ማለት ነው።

ምሳሌያቸው የባክቴሪያ ጅራት ነው፣ ፍላጀለም የሚባለው። በእውነት የሚደንቅ ነገር ነው። ባክቴሪያዋ ቆዳ ላይ የተተከለ ሞተር አለ። የሚሽከረከር ዘንግ አለው። ዘንጉን የሚይዙ ቀለበቶች አሉት። ከዚያ ወደ ውጭ የሚወጣ ረጅም ጅራት አለ። በሴኮንድ በመቶ የሚቆጠር ዙር ይዞራል። ወደ 40 የሚጠጉ ፕሮቲኖች ይገቡበታል። ምስሉን ለተማሪዎቼ ሳሳይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። "ይህንን ማን ሠራው?" የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የሚጠይቀውን ልጅም ማንም እንዲስቅበት አልፈቅድም።

የከሳሾቹ ምስክር ኬኔት ሚለር መልስ ሰጡ። የብራውን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። ካቶሊክ ናቸው፣ እምነታቸውንም አይደብቁም። ሚለር ያሉት ይህ ነው፦ ጥቁሩ ሞት የሚባለውን ወረርሽኝ ያመጣችው ባክቴሪያ መርዟን ወደ ሰው ሴል የምትወጋበት መርፌ የመሰለ መሣሪያ አላት። የዚያ መሣሪያ ፕሮቲኖች የፍላጀለሙ ግርጌ ላይ ካሉት ወደ አሥር ከሚሆኑት ጋር ይመሳሰላሉ። ጅራት የለውም። አይሽከረከርም። ግን ሥራ አለው። ክፍሎቹ ከተቀነሱ ምንም አይሠራም የተባለው ነገር እዚህ ላይ ተናጋ። መርፌው ቀደመ ወይስ ፍላጀለሙ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ባለሙያዎችም ይሟገቱበታል። ዳኛው ፊት የቀረበው ጥያቄ ግን ግማሹ ጥቅም ሊኖረው ይችላል ወይ የሚል ነበር። ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት ተነሳ። ቢሂ ሳይንስ ስለ አመጣጡ መልስ የለውም ብለው ጽፈው ነበር። የከሳሾቹ ጠበቃ 58 በባለሙያ የተገመገሙ ጥናቶችን፣ 9 መጻሕፍትንና የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፎችን ፊታቸው ከመሩላቸው። ሁሉም ስለዚሁ ሥርዓት ዝግመተ ለውጥ የተጻፉ ናቸው። ፕሮፌሰሩ በቂ አይደለም አሉ። ስለ ሳይንሳዊ ቲዎሪ የሰጡት ትርጉም በጣም ሰፊ ስለነበር፣ በዚያ ትርጉም ኮከብ ቆጠራም ይገባል ወይ ተብለው ሲጠየቁ እንደሚገባ አመኑ።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቢሂ ሐሳባቸው እንዴት ሊፈተን እንደሚችል ራሳቸው ጽፈዋል። ፍላጀለም የሌላት ባክቴሪያ ውሰድ። መንቀሳቀስ የሚጠቅማት ቦታ አስቀምጣት። አሥር ሺህ ትውልድ አሳድጋት። ፍላጀለም ካወጣች ሐሳቤ ወደቀ ይላሉ። ጥሩ ፈተና ነው። ጠበቃው "ሠሩት ወይ?" ብሎ ጠየቃቸው። አልሠራሁትም አሉ።

በዚያው ጊዜ ሚሺጋን ውስጥ ሪቻርድ ሌንስኪ የሚባሉ ሳይንቲስት 12 ብልቃጥ ባክቴሪያ እያሳደጉ ነበር። ከ1988 ጀምሮ ማለት ነው። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ትንሽ ቀድተው ወደ አዲስ ምግብ ያዛውራሉ። በየ500 ትውልዱ ናሙና ይቀዘቅዛል። ምግቡ ውስጥ ሲትሬት የሚባል ነገር አለ፣ ግን ይህች ባክቴሪያ ኦክስጅን ባለበት ልትበላው አትችልም። ከ31 ሺህ ትውልድ በኋላ ግን አንደኛው ብልቃጥ ደፈረሰ። መብላት የምትችል ተወልዳለች። በ2008 ታተመ። እንዴት እንደሆነም በኋላ ተገኘ፦ ቀድሞ የነበረ ጂን ተባዝቶ ኦክስጅን ባለበትም በሚሠራ ማብሪያ ሥር ገባ። ቢሂ ይህ ያለውን ነገር ማስተካከል ነው ብለው ተከራክረዋል። ይከራከሩ። ለመከራከር የሚያበቃ ውጤት ያመጣው ግን በየቀኑ ብልቃጥ የሚቀዳው ሰው ነው።

ሰው ከየት መጣ የሚለውም ተነሳ። ሚለር ዳኛውን ስለ ክሮሞዞም፣ በሴል ውስጥ ውርሳችን ስለተጻፈበት ጥቅል፣ አስተማሩ። እኔም በዚሁ መንገድ ነው ክፍሌ ውስጥ የማስተምረው።

እኛ 23 ጥንድ ክሮሞዞም አለን። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 24 ጥንድ አላቸው። ዝምድና ካለን አንዱ ጥንድ የት ገባ? ሙሉ ክሮሞዞም በጥንዱ ከጠፋ ፅንሱ አይተርፍም። ስለዚህ የሚቀረው መልስ አንድ ነው፦ ሁለት ክሮሞዞሞች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ይህ ደግሞ በዓይን የሚታይ ማስረጃ መተው አለበት። የእያንዳንዱ ክሮሞዞም ጫፍ ላይ ቴሎሜር አለ። በተደጋጋሚ ፊደል የተጻፈ መጨረሻ ነው። ከጫፎቹ ወዲህ ደግሞ ሴንትሮሜር የሚባል መያዣ አለ። ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ከተጣበቁ፣ ጫፍ ላይ ብቻ መሆን ያለበት ቴሎሜር መሐል ላይ ይገኛል። መያዣውም ሁለት ይሆናል።

ተፈለገ። የሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም ላይ ተገኘ። ቴሎሜሩ መሐሉ ላይ፣ ፊት ለፊት ተያይቶ ተቀምጧል። ሁለተኛው ሴንትሮሜርም ሥራ አቁሞ ቀሪው አለ። ባይገኝ ኖሮ ዝግመተ ለውጥ ጣጣ ውስጥ ይገባ ነበር። ሊወድቅ የሚችልበትን ቦታ አስቀድሞ ተናግሮ እዚያው ቦታ ላይ መቆም ማለት ይህ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ቢሂ ራሳቸው ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት እንዳላቸው ይቀበላሉ። የሚከራከሩት ስለ ስልቱ ነው። እኛ ዘንድ የእሳቸውን ስም ጠርቶ "ዝምድናው ውሸት መሆኑ ተረጋገጠ" የሚል ሰው እሳቸው ያላሉትን ነው የሚናገረው። ዝግመተ ለውጥም ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ መጣ አይልም። የጋራ ቅድመ አያት ነው የሚለው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ባርባራ ፎረስት የሚባሉ የፍልስፍና ፕሮፌሰር የ"ኦቭ ፓንዳስ ኤንድ ፒፕል"ን የቀድሞ ረቂቆች ችሎቱ ፊት አቀረቡ። በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍጥረታዊነትን፣ ክሪዬሽኒዝም የሚባለውን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንደ ሳይንስ ማስተማርን ከልክሏል። ከፍርዱ በፊት የነበረው ረቂቅ ፍጥረት፣ ፍጥረታዊነት፣ ፍጥረታዊያን ይላል። ከፍርዱ በኋላ ወደ 150 ቦታ ላይ ቃሉ በኢንተለጀንት ዲዛይን ተተካ። ትርጉሙ አልተለወጠም። ዓሣዎች ክንፋቸውንና ቅርፊታቸውን፣ ወፎች ላባቸውን እንደያዙ በድንገት ተገኙ የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቀረ። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም አሮጌው ቃል በደንብ ሳይጠፋ ግማሹ ከአዲሱ ጋር ተለጥፎ ተገኘ።

ይህ ያሳዝነኛል። ፈጣሪ አለ ብሎ ማመን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ለምን ስሙ ይደበቃል? ጠበቃ እንዲያልፍ ተብሎ የእግዚአብሔር ስም ተፍቆ በቦታው "የሚያስብ አካል" ሲጻፍ፣ እኔ አማኙ ነኝ የተከፋሁት። አንዳንድ የቦርዱ አባላትም መጽሐፉ የተገዛበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ እውነቱን አልተናገሩም። ገንዘቡ ከአንዱ አባል ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበ ነበር። ዳኛው በፍርዳቸው ላይ ይህን በግልጽ ጽፈውታል።

ከምስክሮቹ ሁሉ እኔ የምወዳቸው ጆን ሃውት ናቸው። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የሥነ መለኮት ምሁር ናቸው፤ የቀረቡትም በከሳሾቹ በኩል ነው። ምሳሌያቸው ይህ ነው፦ ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ ይፈላል። ለምን ፈላ? የውሃው ሞለኪውሎች ስለተፋጠኑ። ልክ ነው። ለምን ፈላ? ጋዙን ስለለኮስኩት። ይህም ልክ ነው። ለምን ፈላ? ሻይ ስላማረኝ። ሦስቱም መልሶች እውነት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያባርርም። ሞለኪውሎቹ መሐል ገብቶ "ሻይ ያማረው" የሚል ነገር የሚፈልግ ሰው ግን አያገኝም። ባለማግኘቱም ሻይ የፈለገ ሰው የለም ማለት አይችልም።

ሃውት ፈጣሪን በአጉሊ መነጽር ክፍተት ውስጥ መፈለግ ሥነ መለኮቱንም ያሳንሰዋል ብለው ያምናሉ። እኔም እንደዚያ አምናለሁ። እምነቴን ሳይንስ ገና ባልገለጸው ቦታ ላይ ከተከልኩት፣ ነገ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ያንን ቦታ ሲገልጸው እምነቴን ይዞብኝ ይሄዳል። የፍላጀለሙ ግርጌ ላይ የቆመ እምነት ያስፈራኛል። አባቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ማን ፈጠረ፣ ለምን ፈጠረ የሚለውን ነው አብዝተው የሚነግሩን። ይህን ከባክቴሪያ ጅራት ጋር ማሰር ምን ይጠቅማል?

ፍርዱ በዲሴምበር 20 ቀን 2005 ወጣ። 139 ገጽ ነው። ዳኛው ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም አሉ። በትምህርት ቤት እንዲነበብ መደረጉም ሃይማኖትን በመንግሥት በኩል ማስፋፋት ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። ነገር ግን የኢንተለጀንት ዲዛይን ክርክር እውነት ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ አቋም አይወስድም ብለው ጽፈዋል። ይህን አንቀጽ ሁለቱም ጎራ ይዘለዋል። ዳኛው ፈጣሪ የለም አላሉም። ይህ ነገር በሳይንስ ክፍል ቦታ የለውም አሉ። እንዲያም ሆኖ ማስፈራሪያ ደርሷቸው በጥበቃ ለመኖር ተገደዱ።

ፍርዱ ከመውጣቱ በፊት የዶቨር ሕዝብ በኖቬምበር ምርጫ ለውድድር የቀረቡትን ስምንቱንም የቦርድ አባላት አወረዳቸው። አዲሱ ቦርድ ይግባኝ አላለም። ለከሳሾቹ የጠበቃ ወጪ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ። ለመምህራንና ለመጽሐፍ ሊውል የሚችል ገንዘብ ነበር። ይግባኝ ስላልነበረ ፍርዱ ሌላ ክፍለ ሀገር ላይ በሕግ አያስገድድም። ግን ከዚያ በኋላ ማንም የትምህርት ቦርድ ይህን ከማድረጉ በፊት ዶቨርን ያነባል።

ያልተመለሰ ነገር የለም ወይ? አለ። የመጀመሪያዋ ሴል እንዴት እንደተገኘች ሳይንስ ገና አልመለሰም። ብዙ ጥሩ መላምት አለ፣ የተረጋገጠ ግን የለም። ይህን ለልጆቻችሁ በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። ዝግመተ ለውጥ የሚያስረዳው ሕይወት ከተጀመረ በኋላ እንዴት እንደበዛና እንደተለያየ ነው። ሁለቱን መቀላቀል የዶቨር ጽሑፍ የሠራው ነገር ነው።

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥቶ "ዝግመተ ለውጥ ተማርን" ቢላችሁ አትቆጡት። ማስረጃው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት። የክሮሞዞሙን ነገር ያስረዳችሁ። ካላወቀ አስተማሪውን ይጠይቅ። እንደ ዶቨር ክፍል "ጥያቄ የለም" አይባልም።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ። ሃሪስበርግ ላይ ጠበቆች በሚሟገቱባቸው በእነዚያ ሳምንታት፣ የጥንት ሰው ቅሪት የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከ2000 ጀምሮ የያዙትን ሥራ፣ የአንዲት ሕፃን ቅሪት ማውጣትን፣ እየሠሩ ነበር። አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ የተገኘች ናት፣ ሰላም የምንላት። ከድንቅነሽ ዝርያ ናት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። አጥንቷ እንደ ድንጋይ በጠነከረ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት አነሱት። በ2006 ለዓለም ቀረበች። ትከሻዋን ከጀርባ አጥንቷ ለማላቀቅ ግን ተጨማሪ ዓመታት ወሰደ፣ ጥናቱም በ2012 ወጣ። እግሯ ቆሞ የሚሄድ ሰው እግር ነው። ትከሻዋ ደግሞ የዛፍ ወጪ ትከሻ ይመስላል። ታዲያ ዛፍ ላይ ትወጣ ነበር ወይስ ትከሻው ከአያቶቿ የቀረ ውርስ ብቻ ነው? ባለሙያዎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ዘረሰናይና አብረዋቸው የሠሩት ትወጣ ነበር ይላሉ። እኔ የእነሱ ክርክር ያሳምነኛል፣ ምክንያቱም ትከሻዋ በዕድገት ወቅት የያዘው ቅርፅ ከቺምፓንዚና ከጎሪላ ጋር ይሄዳል። የማይስማማ ካለ ደስ ይለኛል፣ ማይኩን ላሳልፍለት።